ለጸሎት የተሰጠ ስም

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ስለዚያ ሳምንት መጻፍ ቻልኩ። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ነገሩ የደረሰው እዚሁ ደብረ ታቦር ነው፤ በክረምት፣ በጾመ ፍልሰታ።

በመጀመሪያ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። የተማርኩት ሕግ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ የነበርኩበት መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ወንጀልና የመረጃ ጥበቃ ሕግ እንድከታተል መደበኝ፤ በዚያው ሙያዬ ሆኖ ቀረ። ባለቤቴ ሲያርፍ ልጄን ይዤ ወደ ተወለድኩበት ከተማ ተመለስኩ። አንድ የቁጠባና ብድር ተቋም ደንበኞቹ በስልክ ገንዘብ እንዲያንቀሳቅሱ ማድረግ ጀምሮ ነበርና የመረጃ ደኅንነት ሕግና የአሠራር ቁጥጥር ኃላፊ አድርጎ ቀጠረኝ። ሥራዬ የደንበኛ ምስጢር እንዳይወጣ ደንብ ማርቀቅ፣ ደንቡ መከበሩን ማየት፣ ሲጣስ ደግሞ ለቦርዱ መናገር ነው።

በከተማው እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሌላ ሰው አላውቅም። ጎረቤቶቼ «የኮምፒውተሯ ዳኛ» ይሉኛል። «ዛሬስ ማንን አስረሽ መጣሽ?» እያሉ ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። የምሠራውን ግን ለማንም መናገር አልችልም። የማውቀው ሁሉ የሰው ምስጢር ነው። ስለዚህ ከሰው መሃል ተቀምጬ ወሬ የሌለኝ ሴት ሆንኩ። ልጄም ዩኒቨርሲቲ ገብታ ራቀች። ቤት ስገባ የሚጠብቀኝ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ የሚያሰማው ድምፅ ነበር።

አንድ ማለዳ፣ ጉሙ ገና ሳይነሣ፣ ቢሮው በር ላይ አንዲት ሴት ቆማ አገኘሁ። ባንቺአየሁ ትባላለች፤ አገሯ ጉና ሥር ነው። ዓረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ፣ ያጠራቀመችውን ሁሉ እኛ ዘንድ አስቀምጣ፣ ልብስ ስፌት ልትከፍት ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታለች። ነጠላዋ በዝናብ ርሶ ትከሻዋ ላይ ተጣብቋል።

«እትዬ፣ ገንዘቤ የለም» አለችኝ።

«እንዴት የለም?»

«ስልኬን ብከፍት የምስጢር ቁጥርሽ ተሳስቷል አለኝ። ብደጋግም እንቢ አለ። ውስጥ ያለችው ልጅ ደግሞ ‹ትናንት ራስሽ ደውለሽ ቁጥሩን አስቀይረሻል፣ ገንዘቡንም ልከሻል› ትለኛለች። እኔ ትናንት እናቴ ዘንድ ድንች ስኮተኩት ነው የዋልኩት። እዚያ እንኳን ገንዘብ ሊላክ ስልክም አይሠራ።»

አላለቀሰችም። እሱ ነው ያስፈራኝ። ወንበር ስሰጣት ጫፉ ላይ ተቀመጠች፤ ሰው ቤት የኖረች ሴት አቀማመጥ ነው። «ያን ሁሉ ዓመት ‹እሺ ማዳም፣ እሺ ማዳም› ያልኩት ለሌባ ነው እንዴ?» አለች።

እሷን ሳናግር ሌሎች መጡ። አንዲት የቄስ ሚስት ከይፋግ፣ አንድ አስተማሪ፣ ጠላ ሸጣ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት፣ ሌሎችም። ነገራቸው ሁሉ አንድ ነው። ኮምፒውተሩን የሚንከባከበው ጀማል የሚባል ሠላሳ ዓመት እንኳ ያልሞላው ልጅ ነው። ሥርዓቱን ከላይ እስከ ታች መርምሮ መጣ።

«እትዬ ሰናይት፣ ሰብሮ የገባ የለም» አለኝ። «እያንዳንዱ ቁጥር የተቀየረው በስልክ ጥሪ ነው። ደዋዩ የሚጠየቀውን ተጠይቆ በትክክል መልሷል።»

ከሰዓት በኋላ ቦርዱ በአስቸኳይ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው አቶ ተስፋሁን ናቸው፤ ርእሰ መምህር ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ከተማው የሚያከብራቸው ሰው። ከጎናቸው የእህል ነጋዴው አቶ ውባንተ ተቀምጠዋል። የሆነውን ነገርኳቸው። አቶ ውባንተ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ እስቲ፣ የተዘረፉትን በስማቸው ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው።

«ሰማችሁ? አንድ አሕመድ፣ አንዲት ፋጡማ የለችበትም። ከደንበኞቻችን ስንቱ እስላም ነጋዴ ነው! አንዱም አልተነካ። ኮምፒውተሩን የሚነካካውስ ማን ነው? ጀማል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?»

«አቶ ውባንተ፣ ይህ ማስረጃ አይሆንም።»

«አንቺ ዘንድ ማስረጃ የሚሆነው ሌባው ራሱ መጥቶ ‹እኔ ነኝ፣ እንደምን ዋልሽ› ሲልሽ ነው» አሉ። ሌሎቹ ሳቁ።

አቶ ተስፋሁን አልሳቁም። «ሕዝቡ በሩ ላይ ነው» አሉ። «ቡሄ ደርሷል፤ ከየገጠሩ ሰው ይገባል። ዝም ካልን ሁሉም ገንዘቡን አውጥቶ ተቋሙ ይዘጋል። ‹ድርጊቱ በአንድ ሠራተኛችን የተፈጸመ ነው፣ ለሕግ አቅርበነዋል› ብለን መግለጫ እናውጣ።»

«ስሙን ጠቅሰን?»

«ሕዝቡ ስም ይፈልጋል፣ ሰናይት።»

በተቋሙ መተዳደሪያ መሠረት ስለ ደንበኞች መረጃ የሚወጣ ማንኛውም መግለጫ ያለ እኔ ፊርማ አይወጣም። ይህን አንቀጽ ያስገባሁት እኔ ነበርኩ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ያ ወረቀት በበዓል ዋዜማ ቢለጠፍ በጀማልና በአባቱ ሱቅ ላይ ምን እንደሚደርስ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም።

«እስከ ነገ ይስጡኝ» አልኳቸው።

«እስከ ነገ ቀትር» አሉኝ።

ከዚያ የሄድኩት ወደ ገበያው ነው። የጀማል አባት ሐጂ ሰይድ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ እናቴ በዓል በመጣ ቁጥር ልብስ የምትገዛልኝ ከእሳቸው ነበር። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ጀማል ከጣቃዎቹ ጀርባ ተቀምጧል።

«ግቢ ልጄ፣ ዝናቡ ይመታሻል» አሉኝ ሐጂ።

«እንዴት ዋሉ፣ ሐጂ?»

«አልሐምዱሊላህ። ዛሬ ጨርቅ የሚገዛ የለም እንጂ የሚያየን ሞልቷል።»

ጀማል ከጀርባ ሆኖ «እትዬ፣ ልሽሽ እንዴ?» አለኝ።

«ከሸሸህ ፈረምክላቸው ማለት ነው።»

«ምን ተገኘበት ነው የሚሉት?» ብለው ጠየቁ ሐጂ።

«ከተዘረፉት መካከል ሙስሊም የለም ነው የሚሉት። ለዚህ ምን መልስ እንዳለው አላውቅም።»

ሐጂ ባልጠበቅሁት ሰዓት ሳቁ። «እንዴትስ ይኖራል! ሌባው ስለ እኛ ቢጠየቅ ምን ብሎ ሊመልስላችሁ ነው?»

«እንዴት ማለትዎ ነው?»

«ባለፈው ስልኬ ጠፍቶ፣ የምስጢር ቁጥሬን ላስቀይር ደወልኩ። ያቺ ስልክ የምትቀበለው ልጃችሁ ስሜን ከነአባቴ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ቀጠለችና ‹የክርስትና ስምዎን ይንገሩኝ› አትለኝም! ‹የኔ እናት፣ ሐጂ እያልሽ እየጠራሽኝ እሱን ከየት ላምጣልሽ?› አልኳት። ተሳሳቅን። ‹እንግዲያው መታወቂያ ይዘው በአካል ይምጡ› አለችኝ። በዚያ ጭቃ ስሄድ ተናድጄ ነበር።»

ተቀመጥኩ። ሐጂ ያመመኝ መስሏቸው ውኃ ሊያስመጡ ነበር።

ደንቡ ከእኔ በፊት የወጣ ነው፤ አውቀው ነበር፣ እንዲህ አስቤው ግን አላውቅም። ሲያወጡት ብልህነት ነበር። ሌላ ቦታ ሰው ማንነቱን እንዲያረጋግጥ የእናቱን ስም ወይም የተወለደበትን ቀበሌ ይጠየቃል፤ እኛ ዘንድ እሱን ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። የክርስትና ስም ግን መታወቂያ ላይ አይጻፍም፣ ትምህርት ቤት አይጠራም። በቤተ ክርስቲያን ተሰጥቶ ከወላጅና ከነፍስ አባት ጋር ይኖራል። ከዚህ የተሻለ የምስጢር ቃል ማን ያገኛል? አንድ ነገር ብቻ ተረስቷል። ይህን ስም ለሰው የምንሰጥበት ጊዜ አለ፤ ለጸሎት ነው። ገዳም የሚሄድ፣ ሱባኤ የሚገባ ሰው ሲገኝ «አስበኝ» ብለን ስማችንን እንሰጠዋለን። በፍልሰታ የማይሰጥ የለም።

ባንቺአየሁን በተከራየቻት ባዶ ክፍል አገኘኋት። የስፌት መኪናው ገና አልተገዛም፤ ቦታው ተጠርጓል።

«የክርስትና ስምሽን ሰሞኑን ለማን ሰጠሽ?»

«ለማንም» አለች። «ለጸሎት ካልሆነ በቀር።»

ስልኳን ከፍታ የደረሳትን የድምፅ መልእክት አሰማችኝ። የለሰለሰ የወንድ ድምፅ ነው፤ ቃሉ ከግእዝ የተቀላቀለ። «ሱባኤ ላይ ነኝ» ይላል። «ብር አትላኩልኝ፣ ብር አልነካም። ስማችሁንና የክርስትና ስማችሁን ብቻ ላኩልኝ፤ በጸሎት እጠራችኋለሁ።»

«ብር አልፈልግም ስላለ ነው ያመንኩት» አለችኝ። «እኔን ብር የማይጠይቀኝ ሰው ከመጣሁ ጀምሮ አላየሁም።»

ለሌሎቹም ደወልኩ። ሁሉም ያንን ድምፅ ሰምተዋል፤ ሁሉም ልከዋል። ከጎረቤት ጎረቤት፣ ከማኅበር ማኅበር ሲቀባበሉት ሰንብተዋል። የእኔም ማኅበርተኞች ልከውልኝ ኖሯል፤ ሳልከፍተው ቀርቼ ነው።

ያን ዕለት ቤቴ ስገባ ልጄ ደወለች።

«እማ፣ ድምፅሽ ምን ሆነ?»

«ብርዱ ነው።»

«ደግሞ ብቻሽን አትጨነቂ።»

«ምን አስጨነቀኝ፣ ልጄ» አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ውዳሴ ማርያም ደገምኩ። መሃሉ ላይ የት እንደደረስኩ እየጠፋኝ እመለስ ነበር።

በማግሥቱ ለቦርዱ ያገኘሁትን ተናገርኩ። ከዛሬ ጀምሮ የምስጢር ቁጥርን በስልክ መቀየር እንዲቆም፣ ለደንበኞች እውነቱ እንዲነገር፣ ጥያቄው የእኛ ስለሆነ ጉዳቱንም እኛ እንድንሸከም ጠየቅሁ። ሕጉም መረጃው አደጋ ላይ የወደቀበት ሰው እንዲነገረው ያዛል።

«በፍልሰታ ጸሎትን ልትከሺ ነው?» አሉ አቶ ውባንተ።

«ጸሎትን አይደለም። ጥያቄውን ነው።»

«ሕዝቡ ይህን ልዩነት ይሰማሻል? ‹ስማችሁን ለጸሎት አትስጡ› አለች ነው የሚሉሽ። ማን ሊያናግርሽ ነው ከዚያ በኋላ?»

እውነታቸውን ነበር። ሌሊቱን ያሰብኩት እሱን ነው።

አቶ ተስፋሁን መግለጫውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት ፊርማ ብቻ ይጠብቃል። «ሰናይት፣ ደክመሻል፣ እናመሰግናለን። የምትይው ግን የሚሆን አይደለም። የክርስትና ስም እንደዚህ እንደዋዛ የሚገኝ ነገር አይደለም። የኔን ከባለቤቴና ከነፍስ አባቴ በቀር የሚያውቅ የለም። ፈርሚና እንገላገል።»

እኔ ግን አውቀው ነበር።

ታመው አዲስ አበባ የተወሰዱ ጊዜ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ማኅበራችን መጥታ፣ እያለቀሰች፣ ለእያንዳንዳችን በጆሯችን ነግራናለች። እስኪድኑ ድረስ በየቀኑ ጠርቼዋለሁ። ያን ስም አፌ ከማንም ስም ይልቅ ለምዶት ነበር።

በራሴ ስም ልሞክረው ብዬ አሰብኩ። ምን ያሳያል? የራስሽን ስም ማወቅሽ ምን ይገርማል ይሉኛል። ሰዓቱ ወደ ቀትር ይሄዳል። ወረቀቱ ፊቴ ነው።

«አቶ ተስፋሁን፣ አልፈርምም» አልኩ። «ግን ፈቃድዎ ከሆነ እንሞክረው። በእርስዎ ሒሳብ፣ እርስዎ እያዩ።»

«ምኑን?»

«ጸሐፊያችን በእርስዎ ስም ይደውል።»

ፈገግ አሉ። «ይደውል።»

በቁራጭ ወረቀት ላይ ስሙን ጽፌ ለቦርዱ ጸሐፊ ሰጠሁት። ስልኩ ሁላችንም እንድንሰማ ተከፈተ። ስልክ የምትቀበለው ልጅ በትሕትና ሰላም አለች፤ ሙሉ ስም ጠየቀች፤ ጸሐፊው መለሰ። የክርስትና ስም ጠየቀች። ጸሐፊው ወረቀቱን አነበበ።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም።

«አመሰግናለሁ፣ አባቴ» አለች ልጅቱ። «አዲሱን የምስጢር ቁጥርዎን ይመዝግቡ።» ቁጥሩን አንድ በአንድ ነገረችው፤ መልካም ጾም ተመኝታ ዘጋች።

አቶ ተስፋሁን መነጽራቸውን አወለቁ። ያለ መነጽር ሳያቸው ያረጁ መሰሉኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«እትዬ አስካለ። ታመው በነበረ ጊዜ።»

መግለጫውን ከፊቴ አንሥተው ቀደዱት። አቶ ውባንተ «የኔንስ ታውቂው ይሆን፣ ወይስ አለመጠየቅ ይሻለኛል?» አሉ። የሳቀላቸው የለም። ወደ መሬት እያዩ፣ «ልጁን ይቅርታ መጠየቅ አለብን» ያሉትም እሳቸው ናቸው። ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ።

ያን ዕለት የምስጢር ቁጥርን በስልክ መቀየር ቆመ። እውነቱን ጻፍኩ፤ ሁሉም ፈረሙበት። ከቅዳሴ በኋላ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ተነበበ፣ በመስጊድም ተነገረ። ተቋሙ ገንዘባቸውን መለሰላቸው፤ ባንቺአየሁም የስፌት መኪናዋን ገዛች። ጀማል ወደ ሥራው ገባ። ሐጂም ሱቃቸውን በሰላም ከፈቱ። ያ ድምፅ የማን እንደሆነ ፖሊስ ቢፈልግም እስካሁን አልታወቀም።

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ባለኝ።

መግለጫው በተነበበ ዕለት ከቅዳሴ ስወጣ እትዬ አስካለ በቅጽሩ በር ቆማ ጠበቀችኝ። እኔ እንደ ታላቅ እህቴ የማያት ሴት ናት።

«ሰናይት፣ ለጸሎት የሰጠሁሽን ለስብሰባ አወጣሽው?»

«እትዬ አስካለ፣ የልጁ ነገር…»

«የልጁን ነግረውኛል። እንኳን ተረፈ። እኔ ስለ ልጁ አልጠየቅሁሽም።»

ጃንጥላዋን አነሣች።

«ያም በስልክ፣ አንቺም በስብሰባ» አለችኝ። ጃንጥላዋን ከፍታ ሄደች።

ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። «ሌላ መንገድ ነበረሽ?» አሉኝ። «አልታየኝም፣ አባ» አልኳቸው። «እንግዲያው ይቅርታ ጠይቂያት፤ እስክትሰጥሽ ድረስ ጠብቂ» አሉኝ። ቤቷ ሄጄ ጠየቅሁ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ» አለችኝ። ቃሉ ይቅርታ ነው። ግቢ ግን አላለችኝም።

ማኅበርተኞቼም አልከፉብኝም፤ ሰላም ይሉኛል፣ ቦታ ይለቁልኛል። ስቀመጥ ግን ወሬያቸው ያጥራል። ድሮ ምስጢር የምትጠብቅ ሴት ነበርኩ፤ ዛሬ ምስጢር የማይነገራት ሴት ነኝ። ባንቺአየሁ ብቻ አልፎ አልፎ ትመጣለች። እሷም እንደ እኔ ብዙ አትናገርም። ያለ ንግግር ተቀምጠን ትሄዳለች። ተመስገን እላለሁ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ሥራዬን አልተውኩም፤ ግን እንደ ቀድሞው አልሠራውም። ድሮ ደንብ የማረቅቀው ሕጉን ብቻ አንብቤ ነበር። ዛሬ ቀድሜ የምጠይቀው ሰዎቹ እርስ በርሳቸው በፍቅር ምን እንደሚሰጣጡ ነው። ሌባ ሁልጊዜ የሚመጣው በዚያ በር ነው፤ ያን በር ደግሞ መዝጋት አይገባንም። ስለዚህ መዝጊያችንን ሌላ ቦታ ማበጀት የእኛ ፋንታ ነው። እናንተም ለጸሎት ስማችሁን መስጠት አትተዉ። ፊቱን ለምታዩት፣ ቤቱን ለምታውቁት ሰው ስጡ። የሰው ስም የተሰጣችሁ ደግሞ በምስጢር ያዙት። እኔ ያልያዝኩበት ቀን አንድ ሰው ተርፏል፤ ቢደገምም ያንኑ የማደርግ ይመስለኛል። ግን ዋጋ አያስከፍልም ብላችሁ እንዳታስቡ።

ዘንድሮ አቶ ተስፋሁን እንደገና ታመዋል። ባለፈው ወር ማኅበር እትዬ አስካለ መጣች። እንደ ድሮው እያለቀሰች፣ ለእያንዳንዷ ሴት ጎንበስ እያለች፣ በጆሯ ነገረቻት። እኔ ዘንድ ስትደርስ ትከሻዬን በእጇ ነካ አድርጋ ወደ ቀጣይዋ አለፈች።

ቤቴ ገብቼ መብራቱን አበራሁ። አልነገረችኝም። ስሙን ግን አውቀዋለሁ። ከልጄ ስም ቀጥዬ፣ በየቀኑ፣ እጠራዋለሁ።